በነጭ ግድግዳ ላይ የጠፋው አዞ

ካይሮ፣ አብዲን ሰፈር ውስጥ ዳውድን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። «ኖራው» ነው የምንለው። ስሙን ያወጣንለት እኛው ኑቢያውያን ጎረቤቶቹ ነን፤ ግድግዳ በኖራ እንደሚነጣ ሁሉ የሰውን ፊት ያነጣል ማለታችን ነው። እሱ ደግሞ በመቀየም ፈንታ ደረቱን ይነፋል። ሥራው በኸዋጃ አርታኪ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ማተም ነው፤ ፈረንጅን ሁሉ ኸዋጃ ነው የምንለው። ከሰል መስለህ ትገባና ትነሳለህ፤ በሳምንቱ ፎቶህን ልትወስድ ስትመጣ የግሪክ ዳቦ ጋጋሪ መስለህ ታገኘዋለህ። ትደሰታለህም። እናትህ ፎቶውን አይታ ታለቅሳለች፤ እሷም ግን ከደስታ ነው።

ነገሩ አስማት አይደለም። የፎቶ ወረቀት እንደ ሰው ጠባይ አለው። ለስላሳ የሚባለው ታጋሽ ነው፤ ነጩንም ጥቁሩንም፣ በመካከል ያለውን ግራጫ ሁሉ ያስተናግዳል። ደረቅ የሚባለው ግን ልክ እንደ ሰፈራችን ሽማግሌዎች ነው፤ ነገሩን ወይ ነጭ ወይ ጥቁር ያደርገዋል፣ መካከል የሚባል አያውቅም። ኸዋጃ አርታኪ፣ ያ አርመን ሽማግሌ፣ ከደረቁ ወረቀት ሌላ አያምንም። «ሰው ፎቶ የሚነሳው ራሱን ለማየት አይደለም፤ ራሱንማ በመስታወት በነጻ ያየዋል» ይላል። ስለዚህ ዳውድ ደረቁን ወረቀት ከፎቶ ማጉያው መሣሪያ ሥር ያነጥፋል፣ ብርሃኑን ቶሎ ያጠፋል፣ ፊት ያለበትን ቦታ ደግሞ በጣቱ ይጋርዳል። ብርሃን ያላገኘ ወረቀት ነጭ ሆኖ ይቀራላ! ፊቱ ወተት፣ ጢሙ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። አንዳንዱ ሙሽራማ አፍንጫው ነጥቶ ነጥቶ ይጠፋና ሁለት ቀዳዳ ብቻ ይቀርለታል። አቤት ያለ ግን የለም። በአንድ ኤምባሲ ወጥ ሠሪ የሆነው ሸሪፍ ፎቶውን ለእጮኛው ልኮ፣ በሠርጉ ቀን ሲደርስ ልጅቷ «ሙሽራውስ የታለ?» አለች ይባላል። ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ሸሪፍ ግን አላስተባበለም።

ለስላሳው ወረቀት ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ኸዋጃው «እሱ ለሬሳ ነው» ብሎ ዳውድን አስተምሮታል። ዳውድ ጢሙ ሳይበቅል በገባበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ጢሙ ሸበተ፤ ያንን ካርቶን ግን አንድም ቀን አውርዶት አያውቅም።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚኮራበት በፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የተሰቀለው ነበር። በወንዛችን ላይ ግድብ ተሠርቶ ውሃው አገራችንን ከመዋጡ በፊት፣ ካይሮ የምንሠራ ወንዶች ሁሉ ዕቃ ለማውጣት ወደየመንደራችን ሄደን ነበር። ዳውድ የኸዋጃውን ካሜራ ተውሶ ሄደና እናቱን እማማ ናብራን በቤታቸው በር ላይ አቁሞ አነሳቸው። ተመልሶም እንደ ልማዱ በደረቁ ወረቀት አተመው። ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ፎቶ ነበር! አንዲት ነጭ እመቤት በነጭ ግድግዳ ፊት ቆማለች፣ ከኋላዋ በሩ እንደ ጉድጓድ ጠቁሯል። አንዱን በመስኮቱ ሰቀለው፣ አንዱን ለእናቱ ላከ። መልስ አልመጣም። እሱም «ደስታ አፏን ይዟት ነው» ብሎ ተወው።

እማማ ናብራ ከዓመታት በኋላ ራሳቸው መልሱን ይዘው መጡ። አንድ ቀን ጠዋት የተምር ቅርጫት በራሳቸው ላይ፣ ፎቶው በብብታቸው፣ ከባቡር ወርደው ቀጥ ብለው ወደ ፎቶ ቤቱ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺ ሴትዮ እዚህም ቀድማኛለች?»

ዳውድ ድምፃቸውን ሰምቶ እጁን ሳይጠርግ ሮጦ ወጣ። «እማዬ! እንኳን ደህና መጣሽ! ምነው ሳታስታውቂን?» ብሎ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

«እጄን ተወው። መጀመሪያ ይቺን ሴትዮ አውርዳት።»

«የቷን ሴትዮ? አንቺ እኮ ነሽ!»

«እኔ? እኔ መቼ ሞትኩ? ሬሳ እንኳ ይህን ያህል አይነጣም። እሺ እኔን እንደፈለግህ አድርገኝ፣ አዞዬን ግን ማን በላው?»

ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። በአሮጌው መንደራችን የእማማ ናብራ ቤት የታወቀ ነበር። ከበሩ በላይ ክፉ ዓይን የሚመልስ ትልቅ አዞ በጣታቸው ስለውበታል፣ ዙሪያውን የሸክላ ሳህኖች ግድግዳው ውስጥ ቀብረውበታል። መንግሥት ከውሃው አውጥቶ ኮም ኦምቦ አጠገብ ሲያሰፍረን ለሁሉም አንድ ዓይነት የሲሚንቶ ቤት ሰጠን፤ የክብሪት ቀፎ ተደርድሮ አይተህ ታውቃለህ? እንደዚያ። ሴቶቹ ግን ውለው አድረው ኖራና ቀይ አፈር አምጥተው መሳል ጀመሩ። በአሮጌው መንደር የእማማ ናብራ ጎረቤት የነበሩት፣ ምላሳቸው ጤፍ የሚቆላው እማማ ሻያ፣ ከሁሉም ቀድመው በራቸው ላይ አዞ ሳሉ። ያንኑ አዞ!

«ያቺ ዓይን አውጣ!» አሉ እማማ ናብራ፣ ፎቶ ቤቱ ወለል ላይ ቅርጫታቸውን ደግፈው ተቀምጠው። «የእኔ ነው ብላት፣ ድሮም የእኔ ነበር አለችኝ። ደግሞ መሳል ብትችል! አምስት እግር ነው ያደረገችለት። የእኔ አዞ እንደ አላህ ፍጥረት አራት እግር ነው ያለው። ማስረጃ አለኝ አልኩና በአንዲት ሙሽራ የሂና ቀን ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት የአንተን ፎቶ አወጣሁ።»

«እና ምን አለች?» አለ ዳውድ።

«ምን ትበል? ‹ግድግዳሽ እኮ የእንቁላል ቅርፊት ነው፤ አዞው የታለ? ደግሞ ይቺ ቆንጆ የቱርክ ሚስት ማን ናት?› አለች። ሴቱ በሳቅ ተንፈራፈረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ‹ቱርኳ› ሆኗል።»

እማማ ናብራም ካፈርኩ አይመልሰኝ አሉ። አዞው የእኔ መሆኑ ካልተመሰከረ ግድግዳዬን ጣቴ አይነካውም ብለው ማሉ። የመንደሩ ቤት ሁሉ አበባና ኮከብ ሲያወጣ የእሳቸው ብቻ እንደ እስር ቤት ግራጫ ሆኖ ቀረ። ይህንንም ለምደውት ነበር፤ አሁን ግን የልጅ ልጃቸው ዳሪያ ልትዳር ነው። ሙሽራ ከባዶ ግድግዳ ሥር አትወጣም፤ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የሙሽራው ወገኖች ምን ይላሉ?

«ሻያ ምን ብላ እንደላከችብኝ ታውቃለህ? ‹እጅሽ ከረሳ እኔ ልሳልላት› አለች! እኔ የዳሪያ አያት እያለሁ!» ከዚያ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «እውነቱን ልንገርህ? እጄም ረስቷል። ሳህኖቹን በየት በኩል እንዳደረግኳቸው፣ አፉ ወዴት እንደዞረ… ሌሊት አስበዋለሁ፣ አይመጣልኝም። ቤቴን አምጣልኝ፣ ልጄ። ያጠፋኸው አንተ ነህ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ዳውድ ጋ ግን እያደር ይነጣል። የዚያን ቀን ነገሩ ገባው። ጸሐይ ያረፈበት ነጭ ግድግዳና በፊቱ የቆመች ጥቁር ሴት፦ ካሜራው ሁሉንም ይዞታል። እሱ ግን የእናቱን ፊት ላንጣ ብሎ ብርሃኑን ሲቀንስ አዞውን ከነሳህኖቹ በነጭ ዋጠው። ውሃው ቤቱን ሳይበላው እሱ ቀድሞ በልቶታል።

ኔጋቲቩን፣ የፎቶውን ዋና ፊልም፣ ከባዶ የሐላዋ ጣፋጭ ቆርቆሮ ውስጥ ፈልጎ አወጣ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ ያንን አቧራ የለበሰ ካርቶን አወረደ።

ኸዋጃ አርታኪ ከፊት ክፍል አንገቱን አስግጎ «ለስላሳ ወረቀት? ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም» አሉ እማማ ናብራ። «አንተም በዚህ ዕድሜህ ሞትን ባትጠራው ይሻልህ ነበር።» ከዚያም ሳይጋበዙ ልጃቸውን ተከትለው ጨለማው ክፍል ገቡ። በቀዩ መብራት ሥር ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና ተምር ማኘክ ጀመሩ። ኸዋጃውም ቢሆን እናት ነበረችውና አልከለከላቸውም።

የመጀመሪያው ሙከራ በለስላሳው ወረቀት ነበር። ዳውድ ብርሃኑን አራዘመና ወረቀቱን ምስል የሚያወጣው መድኃኒት ውስጥ ነከረው። ሁሉም ነገር መጣ፤ ሁሉም ነገር ግን አመድ ሆኖ መጣ። ግድግዳው አመድ፣ ሰማዩ አመድ፣ አዞው ከሻይ ላይ የሚነሳ እንፋሎት ይመስላል።

እናቱ ወደ መድኃኒቱ ሳህን ጎንበስ ብለው አዩ። «አሁን ደግሞ ከምድጃ ውስጥ አወጣኸኝ።»

«ለስላሳው ብቻውን አይሆንም፤ መካከለኛውን ወረቀት እሞክራለሁ» አለ ዳውድ። ካርቶን በእናቱ ቅርጽ ቆረጠና ሽቦ ላይ ሰካው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፦ ግድግዳው ብዙ ብርሃን ይጠጣ፣ እናቱ ግን እንዳይጠቁሩ በካርቶኑ ጥላ ይጠለሉ። ካርቶኑን ግን ሳያንቀሳቅስ ያዘው። እንዲህ ያለ ጥላ ደግሞ ዙሪያውን ጠርዝ ያወጣል፤ እጅህን ካላወዛወዝክ ሥራው ያሳብቅብሃል። ፎቶው ሲወጣ በእማማ ናብራ ዙሪያ የሚያበራ ክብ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው? ኑር ነው፣ የነቢያት ብርሃን? ነቢይ አደረግከኝ እንዴ? አስተግፊሩላህ፣ ይቅር በለኝ በል!»

«አስተግፊሩላህ። እጄ ደርቆ ነው እማዬ።»

«እጅህ ሳይሆን አንተ ነህ የደረቅከው።»

ዳውድ ወረቀቱን ጥሎ እናቱን አተኩሮ አያቸው። ከሁሉ የከበደው ግድግዳው አልነበረም፤ ፊታቸው ነበር። የጥቁር ሰው ፊት ጥቁር ሆኖ፣ ግን ጉንጩም ጠባሳውም እንዲታይ ስንት ብርሃን እንደሚፈልግ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሸው ነው የኖረው። በቀዩ ብርሃን ውስጥ ግንባራቸው ላይ ያለውን ወዝ፣ ከጉንጫቸው ሥር ያለውን ጥላ ያየው አሁን ነው።

«ምን ታፈጣለህ?»

«ጥቁረትሽን እያየሁ ነው።»

«አሁን ነው ያየኸው?»

አፈረ፤ እንዲሁ አይደለም፣ አንገቱን እስኪደፋ አፈረ። በፊት ክፍል የተሰቀለው የራሱ ፎቶ እንኳ የነጣ መሆኑ ትዝ አለው።

ያን ጊዜ ነው ኸዋጃው ከመጋረጃው ወዲያ «ውሃ!» ብሎ የጮኸው። የጠማው መስሏቸው ነበር። «ውሃ አድርግበት፣ አንተ አህያ! አባቴ በረዶ ላይ የቆሙ ካህናትን ያትም የነበረው እንዴት ይመስልሃል? ካህኑ ጥቁር ቀሚስ፣ በረዶው ነጭ!» ዘዴውን ሲያውቀው ኖሮ ዕድሜ ልኩን ደብቆታል፤ ሽማግሌ ሲባል እንዲህ ነው።

ዘዴው ይኸው ነው። ብርሃን የበላውን ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ጥቂት ታስነካዋለህ፤ ከዚያ አውጥተህ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሳትነካካው ታስተኛዋለህ። ጥቁሩ ሆዳም ነው፤ የጠጣውን መድኃኒት ወዲያው ጨርሶ ይቆማል። ነጩ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፣ ውሃው ውስጥም ሆኖ መብላቱን ይቀጥላል። እንደገና ወደ መድኃኒቱ፣ እንደገና ወደ ውሃው። ጥቁሩ ሳይታፈን ነጩ ይናገራል።

ዳውድ አዲስ ወረቀት አነጠፈ። ካርቶኑን እንደሚንቀጠቀጥ ሰው እያወዛወዘ እናቱን ጋረደ፣ ግድግዳውን በብርሃን አጠገበ። ከዚያ መድኃኒት፣ ከዚያ ውሃ።

መጀመሪያ ፊታቸው መጣ፤ ጥቁር፣ ወዛም፣ በአንድ ቅንድብ የተቆጣ። «እኔው ነኝ!» አሉ እማማ ናብራ። ከዚያ ሳህኖቹ አንድ በአንድ። ከበሩ በላይ ያለው ቦታ ብቻ ችክ አለ። ዳውድ አውራ ጣቱን በትኩስ መድኃኒት ነክሮ እዚያ ቦታ ላይ ያሸው ጀመር፤ ሙቀት መድኃኒቱን ያፋጥነዋል። ከአውራ ጣቱ ሥር ጥርስ ወጣ። ከጥርሱ ኋላ አንድ ዓይን። ከዚያ ረጅም ጀርባ።

«ቤቴን ውሃ በላው» አሉ እማማ ናብራ ቀስ ብለው፣ «ይኸው ደግሞ ከውሃ ወጣ።» አለቀሱ። ዳውድም አለቀሰ። ከመጋረጃው ወዲያም የሚናፈጥ ሰው ነበር፤ ጉንፋን ነው ብሎ ክዷል።

ከዚያ እማማ ናብራ እንባቸውን ጠርገው መቁጠር ጀመሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…» በጣታቸው ጠቆሙ። «ይሄኛው ምንድን ነው?»

«እግር ነው» አለ ዳውድ።

«ጅራቱ ይሆናል።»

«ጅራቱ እዚህ ጋ ነው፣ እማዬ።»

አምስት እግር። ይህ ሳያንስ፣ በመጀመሪያው ፎቶ እንደ ጉድጓድ ጠቁሮ የነበረው በር አሁን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ፣ በጥላው ውስጥ፣ አንዲት ሴት ባልዲ ይዛ ቆማለች። እስከ ክንዷ ቀለም ነክሯታል፣ ትስቃለች። ሻያ ናት።

እማማ ናብራ ባልዲያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«አጥፋት» አሉ እማማ ናብራ።

«እችላለሁ» አለ ዳውድ። ውሸት አልነበረም። በደረቁ ወረቀት በሩን መልሶ ያጠቁረዋል፣ እግሩን በጣቱ ጋርዶ ያነጣዋል፤ አራት እግር ያለው አዞ፣ ብቸኛ ባለቤቱ ናብራ። መንደሩ አፉን ይዘጋል። «ሥራዬ ነው። ትፈልጊያለሽ?»

እናቱ ወረቀቱን ከውሃው ውስጥ አውጥተው እየተንጠባጠበ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«የመጨረሻው ዓመት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ውሃው እንደሚመጣ ሁላችንም አውቀናል። እኔ ግድግዳውን ተውኩት፤ ለዓሣ ነው እንዴ የምስለው ብዬ። ሻያ ባልዲዋን ይዛ መጣች። ‹ታዲያ ዓሦቹስ ቆንጆ ነገር ቢያዩ ምናለ?› አለችኝ። እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች ሆነን ቀባን። ስንስቅ እግሩን ማን እንደሳለ ጠፋብን፤ ሁለታችንም የኋላውን ሳልን መሰለኝ።» ወረቀቱን ወደ ውሃው መለሱት። «እንዴት ረሳሁት? ያ ሁሉ ዓመት እንዴት ረሳሁት?»

«ልተዋት ታዲያ?»

«ተዋት።» ትንሽ አሰቡና «ግን እንዲህ አታብራት። ከእኔ ትንሽ ትጥቆር» አሉ።

ዳውድ እናቱን ይዞ ወደ መንደሩ ሄደ። እኔም ለሠርጉ ሄጄ ስለነበር በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። እማማ ናብራ ሴቶቹን ሁሉ ሰበሰቡና ፎቶውን ለማንም ሳያሳዩ ለእማማ ሻያ ሰጧቸው። እማማ ሻያ ለመሳቅ ተዘጋጅተው ነበር የተቀበሉት። አዩት። አስጠጉት። ጣታቸውን በሩ ላይ አደረጉ።

«ይቺ ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ።»

የእማማ ሻያ ያ ጤፍ የሚቆላ ምላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሰረ። ከዚያ ግን ራሳቸውን መለሱና «ምነው እንዲህ ጠቆርኩ?» አሉ።

«እንጃ! ልጄን ጠይቂው፤ ወረቀቱ ነው አሉ» አሉ እማማ ናብራ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

«አምስት እግርም አለው። አይተሻል?»

«አይቻለሁ። አሁን ዝም በይና ባልዲውን አምጪ፤ ልጅቷ ልትዳር ነው።»

ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ዋሉ፤ ኖራው ቀጠነ፣ ቀዩ አፈር በዛ፣ አንቺ ዓይንሽ አያይም፣ አንቺ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ዳሪያ የወጣችበት በር ላይ ያለው አዞ ስድስት እግር ነው ያለው፤ ማናቸውም እጅ አልሰጡማ። ሁለቱም አዞው ሥር ተደግፈው ቆሙ፣ ክንዳቸው ድረስ ቀለም ነክሯቸው። ዳውድ ካሜራውን አነሳ።

«ስማ፣ ኖራው» አሉ እናቱ፤ ስሙን ከኛ ተምረውታል። «ኖራውን ግድግዳው ላይ ጨርሰነዋል። ለፊታችን የተረፈ የለም።»